በጾም ወራት የመጣች እንግዳ

ቸርነት ከልብ ይወጣል፤ ነገር ግን ወደ ሌላው ሆድ በገባ ጊዜ መድኃኒት ይሁን ወይም ደዌ ይሁን ልብ ብቻውን አያውቅም። ሰው ለወደደው ፍጥረት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ራሱ የሚወደውን ነው። ተቀባዩ አንደበት ያለው እንደ ሆነ፣ ያልተስማማውን ነገር "ይቅርብኝ" ብሎ ይመልሳል። አንደበት የሌለው ግን የቀረበለትን ይበላል፤ የቀረበለትን ይጠጣል፤ ከዚያም በኋላ በጥግ ተኝቶ ዝም ይላል። ስለዚህ ቃል ለሌለው እንግዳ የሚደረግ ቸርነት ቃል ላለው ከሚደረገው ይልቅ ብዙ ማስተዋልን ይሻል። ይህም ነገር በቢሾፍቱ ከተማ በአንድ አስተማሪ ቤት ከሆነው ታሪክ ይታወቃል።

በዚያ ቤት አስተማሪው ከሚስቱ፣ ከአምስት ዓመት ሴት ልጁና ከአማቱ ጋር ይኖራል። አማቱ ከመነኮሱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋልና የሰፈሩ ሰው ሁሉ "እማሆይ" እያለ ይጠራቸዋል። በጓዳው አይጥ በዝቶ የጤፉን ጆንያ እየቀደደ ስላስቸገረ፣ ድመት ይግባ ተብሎ ከተመከረ ሰንብቶ ነበር። ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጎረቤት፣ እናቷን መኪና የገደለባትን አንዲት ግራጫ ግልገል በዘንቢል ይዞ መጣ። ዕድሜዋ ሁለት ወር ያህል ነበረ፤ ሰውነቷም ከስቶ የጎድን አጥንቷ ይቆጠር ነበር። ዘንቢሉ በተከፈተ ጊዜ ዘልላ ከምድጃው ኋላ ተሸሸገች፤ እስከ ማታም ድምፅዋ እንጂ መልኳ አልታየም።

ሕፃኒቱ ሰባት ዓመት ስላልሞላት ጾም አልደረሰባትም፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ ወተት ይሰጣት ነበር። በማግስቱ ማንም ሳያዛት ከብርጭቆዋ እኩሌታውን በሳሕን አፍስሳ "ውሮ፣ ውሮ" እያለች ከምድጃው አጠገብ አኖረችላት። ግልገሊቱም ቀስ ብላ ወጥታ ሳሕኑን እስኪነጣ ላሰችው። በቤቱ ያሉት ሁሉ በዚህ ደስ አላቸው፤ እንግዳ ወተት ከጠጣ ቤት ለመደ ይባላልና። ነገር ግን ሌሊቱን ሆዷ ተበላሸ፤ ሲነጋም ተቅማጡ በረታ። ሕፃኒቱ ወዳጇ መድከሟን ባየች ጊዜ እንድትበረታ ብላ እኩሌታውን ሳይሆን ብርጭቆውን ሁሉ ሰጠቻት። ሕመሙ በጨመረ መጠን ወተቱም ጨመረ፤ ወተቱ በጨመረ መጠን ሕመሙ ጨመረ።

በአገራችን የታመመ ካለ መካሪ አይጠፋም። አንዲት ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ በውሃ ይሰጣት አለች። ሌላይቱ ለራስ ምታት ከሚዋጠው ኪኒን ሩቡን ፈጭቶ ማዋጥ ይበጃል አለች። በሰፈሩ የሚከበሩ አንድ መሪጌታም ለጥየቃ መጥተው ነበርና ነገሩን ሰምተው፣ "አንድ ቀን እህል ሳትቀምስ ትዋል፤ ሆድ የሚያርፈው በጾም ነው። በነነዌ እንስሳት ሳይቀሩ ጾመው የለምን?" አሉ። ምክሩ ሁሉ የተሰጠው በበጎ ፈቃድ ነው። ሆኖም ከሦስቱ አንዱም እንኳ ለዚያች ግልገል የሚስማማ አልነበረም።

አስተማሪው በሦስተኛው ቀን ጠዋት በትከሻዋ መካከል ያለውን ቆዳ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ለቀቀው። ቆዳውም ወዲያው ወደ ስፍራው በመመለስ ፈንታ እንደ ድንኳን ቆሞ ቆየ፤ ድዷንም ቢዳስሰው ደርቆ ጣቱን የሚይዝ ሆኖ አገኘው። ይህ ሁለቱ ምልክት የሰውነት ውሃ ማለቁን የሚገልጥ ነው። ትልቅ ድመት አንድ ሁለት ቀን ቢያስቀምጠው ሊታገሥ ይችል ይሆናል፤ አንድ ኪሎ የማይሞላ ግልገል ግን የሚያጠፋው ውሃ ጥቂት ቢመስልም ከመላው አካሉ ሲመዘን እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሐኪም ወሰዳት። ቢሾፍቱ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ሲሰጥባት የኖረች ከተማ ናትና የእንስሳት ሐኪም ማግኘት አላስቸገረውም።

ሐኪሙ አስቀድሞ መዘናት፤ 700 ግራም ሆነች። ጤነኛ የሁለት ወር ግልገል 900 ግራም ያህል ልትመዝን ይገባት ነበር። ሙቀቷን ለካ፤ 38.6 ዲግሪ ነበረ፤ ይህም ለድመት የጤና ሙቀት ነው። ቀጥሎም ያስታውካት እንደ ሆነና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ታይቶ እንደ ሆነ ጠየቀ። ይህን የጠየቀው ፓንሉኮፔንያ የሚባለውን የድመት ወረርሽኝ ፈርቶ ነው። ይህ በሽታ ቫይረስ የሚያመጣው ሲሆን የሆድ ዕቃንና ነጭ የደም ሕዋሶችን ያጠፋል፤ ያልተከተበ ግልገልንም ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀን ይገድላል። ማስታወክም ደምም እንዳልነበረ በሰማ ጊዜ ፊቱ ጥቂት ፈታ አለ። ከዚያም አስተማሪው በጠርሙስ ይዞት የመጣውን ዓይነ ምድር በማይክሮስኮፕ መረመረ፤ የወስፋት ዕንቁላልም አገኘበት።

የግልገሊቱ ደዌ እንግዲህ ከአንድ ምክንያት የመጣ አልነበረም። የመጀመሪያው ወስፋቱ ነው። የድመት ወስፋት በእናት ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ከቆየ በኋላ በጡት ወተት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ ንጹሕ በሆነ ቤት ያደገች ግልገል እንኳ ወስፋት ሊኖርባት ይችላል። ሁለተኛው ፍርሃቱ ነው። ከእናቷና ከለመደችው ስፍራ የተለየች፣ አዲስ ድምፅና አዲስ ሽታ የከበባት ፍጥረት ልቧ ብቻ ሳይሆን አንጀቷም ይታወካል። ሦስተኛው የምግቡ ድንገተኛ መለወጥ ነው። አራተኛውና ነገሩን ሁሉ ያባባሰው ወተቱ ነው።

ወተት እንዴት ድመትን ይጎዳል የሚል ሰው ቢኖር አይደነቅም፤ ድመትና ወተት በተረት ሁሉ አብረው ይነገራሉና። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ይህን ስኳር ለመፍጨት በአንጀት ውስጥ ላክቴዝ የሚባል ፈጪ ነገር ያስፈልጋል። ግልገል ጡት በምትጠባበት ዘመን ይህ ፈጪ በአንጀቷ ይበዛል፤ ጡት ከተወች በኋላ ግን እያነሰ ይሄዳል። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ታችኛው አንጀት በወረደ ጊዜ ከሰውነቷ ውሃን ወደ ራሱ ይስባል፤ በዚያ ያሉ ረቂቃን ተሕዋስያንም ያቦኩታል፤ ከዚህም ነፋትና ተቅማጥ ይመጣል። እንግዲህ ሕፃኒቱ በሳሕን ያኖረችው ወተት ከግልገሊቱ አካል የሚያስገባውን ያህል ውሃ ሳይሆን የበለጠውን ያስወጣ ነበር።

የጎረቤቶችም ምክር ሲመረመር እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ደሟም ይመነምናል። የእኛ ወጥ ሁሉ በሽንኩርት የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ከገበታ የተረፈውን ሽሮም ሆነ ቀይ ወጥ ለድመት መስጠት መልካም አይደለም። ለራስ ምታት የሚዋጠው ፓራሲታሞልም ከዚህ የከፋ ነው፤ የድመት ጉበት መርዙን ለማብረድ የሚያስችል ኃይል ስለ ጎደለው ጥቂቱ እንኳ ሊገድላት ይችላል። አንድ ቀን ጾማ ትዋል የተባለውም ለግልገል አይሆንም። በእንዲህ ያለች ትንሽ አካል ውስጥ የተጠራቀመ ስንቅ የለምና፣ ምግብ በተከለከለች ጊዜ የደሟ ስኳር ወርዶ ራሷን ትስታለች።

ሐኪሙ በቆዳዋ ሥር ጨው ያለበት የሕክምና ውሃ በመርፌ ሰጣት፤ የወስፋቱንም መድኃኒት በክብደቷ ለክቶ አዋጣት። "መድኃኒቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ ዛሬ የሞተው ትልቁ ነው፤ በሰውነቷ ያለው ገና ያድጋል" አለ። ለምግቧም ጨው፣ ቅቤ፣ ቅመምና ሽንኩርት ያልገባበት የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ አጥንቱ ወጥቶ፣ ደቆ፣ ጥቂት ጥቂት እየሆነ በቀን አምስት ጊዜ እንዲሰጣት አዘዘ። ወተት ፈጽሞ እንዲቀር፣ ንጹሕ ውሃ ግን ከአጠገቧ እንዳይታጣ አስጠነቀቀ።

ጭንቁ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቤቱ የጾም ቤት ነው፤ ምድጃው አንድ ነው፤ በቤቱም መነኵሲት አሉ። አስተማሪው ከሱቅ የገዛውን የዶሮ ሥጋ በፌስታል ይዞ ወደ ቤት በገባ ጊዜ ከደጃፉ ቆመ። አማቱን ማሳዘን አልፈለገም፤ ግልገሊቱ ስትሞት ማየትም አልወደደም። እማሆይ ግን ዝምታውን አይተው ጠየቁት፤ እርሱም ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገራቸው። መሪጌታም በዚያ ነበሩና ጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ።

ከዚያም እማሆይ እንዲህ አሉ፦ "መሪጌታ ስለ ነነዌ የተናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን የዚያች አገር እንስሳት የጾሙት ጌቶቻቸው ስለ በደሉ ነው። ይህች ምን በደለች? በእኛ ቤት በራብ ብትሞት ጾሟ ለእርሷ አይቈጠርላትም፤ ሞቷ ግን በእኛ ላይ ይቈጠርብናል። ልጄ፣ አሮጌውን ድስት ለይተህ በደጅ እሳት አንድድላት። ሽታውን እኔ እችለዋለሁ።"

መሪጌታም ፈገግ ብለው፣ "እማሆይ ትርጓሜውን ከእኔ ይልቅ አሳምረውታል" አሉና ፍሙን ለማራገብ ጎንበስ አሉ።

በዚያው ማታ ሕፃኒቱ ከሰዎች ንግግር መካከል "ወተቱ ነው የጎዳት" የሚለውን ሰምታ ነበርና ወደ አባቷ ቀርባ፣ "አባዬ፣ ያሳመምኋት እኔ ነኝ እንዴ?" ብላ ጠየቀችው። ይህ ጥያቄ ከሐኪሙ ጥያቄ ሁሉ የሚከብድ ነበር። "አይደለሽም" ቢላት ነገ ደግሞ ወተት ትሰጣለች፤ "አዎን" ቢላት ዳግመኛ ለማንም ምንም ለመስጠት ትፈራለች። እንዲህ ያለ ፍርሃት በልጅነት ከገባ ከወስፋት ይልቅ ለመውጣት ያስቸግራል። አባቲቱም ጥቂት አስቦ፣ "የጎዳት ወተቱ ነው እንጂ መስጠትሽ አይደለም። ላንቺ የሚስማማ ለእርሷ አይስማማም። መስጠትሽን አትተይ፤ የምትሰጪውን ብቻ እንለውጥ" አላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ የውሃው ሳሕን ለሕፃኒቱ ተሰጠ። ጠዋትና ማታ ታጥባለች፤ ውሃውንም ትለውጣለች፤ ግልገሊቱም በጠጣች ቍጥር እየሮጠች ለእማሆይ ትናገራለች።

የመጀመሪያው ሌሊት የሚያሰጋ ነበር። ግልገሊቱ ሥጋውን አሽትታ ተወችው። አስተማሪው በጣቱ ጫፍ ጥቂት አንሥቶ ከከንፈሯ ላይ ቢያኖርላት ግን ምላሷን አውጥታ ላሰችው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ሰጣት፤ ከዚያም በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ ከጎኗ አኖረ፤ ደካማ ግልገል ሙቀቷን ራሷ ልትጠብቅ አትችልምና። በሁለተኛው ቀን ከምድጃው ኋላ በራሷ ፈቃድ ወጣች። በአራተኛው ቀን ዓይነ ምድሯ ጠነከረ። በስምንተኛው ቀን ስትመዘን 790 ግራም ሆነች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም የወስፋቱ መድኃኒት ተደገመላት።

አዲስ ግልገል ወደ ቤት የሚያስገባ ሰው ከዚህ ብዙ ሊማር ይችላል። ከሁሉ አስቀድሞ በቀድሞ ስፍራዋ ምን ትበላ እንደ ነበረ ጠይቆ ለጥቂት ቀን ያንኑ መስጠት ይገባል፤ መለወጥ ቢያስፈልግም አዲሱን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀሉ በሰባት ወይም በዐሥር ቀን ቀስ በቀስ መለወጥ ነው። ጸጥ ያለ ጥግ፣ ሙቀት፣ ንጹሕ ውሃና አሸዋ የተሞላ ሣጥን ይዘጋጅላት። ተቅማጥ ከአንድ ቀን ያለፈ እንደ ሆነ፣ ወይም ማስታወክ፣ ደም፣ ምግብ እንቢ ማለትና መፍዘዝ የታየ እንደ ሆነ፣ ነገን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ስትድንም ክትባቷ አይረሳ። የፓንሉኮፔንያው ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ ዐሥራ ስድስት ሳምንት እስኪሞላት በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይደገማል፤ የእብድ ውሻ በሽታም ድመትን ስለሚይዝ ክትባቱ በጊዜው ይሰጣት።

ለቤተ ሰቡም ጥንቃቄ ይገባል። የድመት ወስፋት ዕንቁላል ወደ ሰው ሆድ ቢገባ ትሉ በሰውነት ውስጥ እየዞረ ጉበትንና ዓይንን ሊጎዳ ይችላል፤ ይልቁንም በአፈር የሚጫወቱ ሕፃናትን። ነገር ግን ዕንቁላሉ ከወጣ በኋላ የሚጎዳ እስኪሆን ድረስ ሳምንታት ያስፈልጉታል። ስለዚህ ሣጥኑን በየቀኑ የሚያጸዳና እጁን በሳሙና የሚታጠብ ቤት ከዚህ አደጋ ይጠበቃል።

የተቀቀለ የዶሮ ሥጋም የሕመም ቀን ምግብ እንጂ የዘወትር ቀለብ አይደለም። ሥጋ ብቻውን ለአጥንት የሚያስፈልገውን ካልሲየም አያሟላም፤ ግልገል በእርሱ ብቻ ብታድግ አጥንቷ ይልፈሰፈሳል። ዘወትር የሚስማማት ለድመት ተብሎ የተዘጋጀ የተሟላ ምግብ ነው፤ እርሱ ባልተገኘበት ስፍራ ደግሞ የሐኪም ምክር ሊጠየቅ ይገባል። ድመት የምትራብ እንደ ሆነ አይጥ በርትታ ትይዛለች የሚለው ልማድም ግልገልን የሚመለከት ሊሆን አይገባውም፤ የከሳች ግልገል የምታድነው አይጥ የለምና።

አበው "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" ይላሉ። ይህ ምሳሌ ልብሱን ለውጦ ልቡን ላልለወጠ ሰው የተነገረ ስለ ሆነ ለሰው መልካም ተግሣጽ ነው። በድመቲቱ ላይ የሚፈረድ እንደ ሆነ ግን ፍርዱ ይከብዳል። በ1975 እ.ኤ.አ. ሊቃውንት ታውሪን የሚባል ነገር በምግቧ የታጣባት ድመት የዓይኗ ብርሃን እንደሚጠፋ ገለጡ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይኸው ጉድለት ልቧን እንደሚያደክም ታወቀ። ታውሪን የሚገኘው በሥጋና በዓሣ ነው፤ በእህልና በጥራጥሬ እምብዛም አይገኝም። ሌሎች ብዙ እንስሳት በሰውነታቸው ውስጥ በበቂ ይሠሩታል፤ ድመት ግን የሚበቃትን ያህል ልትሠራ አትችልም። እንግዲህ ዓመሏን ያልረሳችው ስለ ሆዳምነቷ ሳይሆን፣ ብትረሳው ዓይኗና ልቧ ስለሚጠፉ ነው። ሰው ይጾማል፤ ምን እንደሚተውና ስለ ምን እንደሚተው ያውቃልና። እርሷ ግን የምትተወው የላትም።

በበጎ ሐሳብ የጎዳ ሰው ሁሉ ክፉ አይባልም፤ ነገር ግን ካወቀ በኋላ ያንኑ የሚደግም ቸር አይባልም። የሚሰጠውን ከመቅረቡ በፊት "ይህ ለተቀባዩ ይስማማዋልን?" ብሎ መጠየቅ ስጦታውን አያሳንሰውም። ይህም ለእንስሳ ብቻ አይደለም፤ ለድኻ የሚሰጥ ምጽዋት፣ ለታመመ የሚሰጥ ምክር፣ ለልጅ የሚሰጥ ተግሣጽ ሁሉ በዚህ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። የእማሆይ አሮጌ ድስት ዛሬም ከሌሎቹ ተለይታ በደጅ ተሰቅላ ትኖራለች።